የተላጨ ጉንጭ

«ስንት ሰዓት ላይ ጀመራቸው?» ዶክተሩ ለሁለተኛ ጊዜ ጠየቀ።

«ሁለት ሰዓት ላይ» አለች ቬሊካ። «ጠዋት ሁለት ሰዓት።»

ባሏ ማኖል አልጋው ላይ ተጋድሟል። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ ብለውታል፤ አፉ ተጣሟል፤ ሊናገር ሲሞክር የሚወጣው ትርጉም የሌለው ድምፅ ነው። ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው፤ እስከ ትናንት ድረስ እንጨቱን ራሱ ይፈልጥ ነበር። የጭንቅላቱ ምስል ተነስቶ መጥቷል፤ ደም አልፈሰሰም፣ የተዘጋ የደም ሥር ነው። የግድግዳው ሰዓት አምስት ይላል።

«አርጅቷል ብላችሁ ልትተዉት ነው?»

«ዕድሜያቸው አያስከለክልም፣ እማማ። የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለን። ዋናው ሰዓቱ ነው።» ጎንበስ ብሎ የማኖልን ፊት አሸተተ። «ጠጥተዋል እንዴ?»

ቬሊካ ደሟ ፈላ። ስድሳ ዓመት ሙሉ ባሏን በመጠጥ የጠረጠረ ሰው የለም።

«በባዶ ሆዱ? የራኪያ አረቄውን ጉንጩ ላይ የቀባሁት እኔ ነኝ። ተላጭቶ ካልተቀባ ፊቱ ይቆጣል።»

«መቼ ነው የላጩት?»

ቬሊካ የባሏን ኮሌታ አስተካከለች። ዶክተሩ የማኖልን ፊት በእጁ ወደ ብርሃኑ አዞረ። ከጆሮው ሥር ሳይቀር ልሙጥ ነው። ሸሚዙ ተተኩሷል፤ ጥፍሮቹም ተቆርጠዋል።

«እማማ፣ ከጀመራቸው አራት ሰዓት ተኩል ካለፈ ይኼ መድኃኒት አይሰጥም። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ያፈስና እዚሁ ሊገድላቸው ይችላል። አልቆጣዎትም፤ እውነቱን ብቻ ይንገሩኝ።»

ሐኪም ፊት ታጥቦ መቅረብ በሮዶፒ ተራሮች ያለ ደንብ ነው። ቬሊካን ግን ደንቡ ብቻ አልነበረም ያስገደዳት። ከሦስት ዓመት በፊት የማኖልን እህት ያናን እንደወደቀች፣ ቀሚሷም እንደረጠበ፣ ሌላ ሐኪም ቤት ወስደዋት ነበር። ቀኑን ሙሉ ኮሪደር ላይ ዋለች። «አሮጊት ናት እኮ» ሲባል ቬሊካ በጆሮዋ ሰምታለች።

«ንጋት ዐሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው» አለች። «ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ወደቀ። በራሱ ላይ ሸንቶ ነበር። ውኃ አሞቅሁ፣ አጠብኩት፣ ላጨሁት፣ ልብሱን ቀየርኩለት። ከባድ ነው፤ እኔም ብቻዬን ነኝ። አምቡላንስ የጠራሁት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሽማግሌ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት ብዬ ነው፣ ልጄ።»

ዶክተሩ ሰዓቱን ቀና ብሎ እንኳ አላየም። ነርሷን «ተይው» አላት፤ እሷም ያዘጋጀችውን መድኃኒት መልሳ ወሰደችው።

«እናስተኛቸዋለን» አለ። «ነገ እጅና እግራቸውን ማሠራት እንጀምራለን። በዚህ ዕድሜ ግን ምን ያህሉ እንደሚመለስ አላውቅም።»

ቬሊካ እፍረትና ጸጸት አንድ ላይ ያዟት። የምትቀመጥበት ፈለገች፤ ወንበር አልነበረም።

ነርሷ የሸሚዙን ቁልፎች ፈታች፣ ሱሪውንና የሱፍ ካልሲውን አወለቀች፣ የሆስፒታሉን ልብስ አለበሰችው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም። የወለቀውን አጣጥፋ በፌስታል ለቬሊካ ሰጠቻት።

«እንዴት ያሉ ንጹሕ ናቸው» አለች። «ሰው እንዳላቸው ያስታውቃል። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ሆኖ የሚመጣልን ጥቂት ነው።»

ቬሊካ ፌስታሉን ታቅፋ አመሰገነቻት።