የካቺ ድርሻ

ማልሱን ከደጃፏ እስከ ግቢው በር ያለውን በረዶ ጠርጋ ልትጨርስ ነው። ካቺዋ፣ ያቺ ጥቁርና ነጭ ለባሽ የቁራ ዘመድ፣ ከማለዳ ጀምሮ ትጮኻለች፤ ካቺ በጠዋት ከጮኸች ደግሞ እንግዳ መምጣቱ አይቀርም። ሩዙ ተጥዷል። ለክፉ ቀን ያስቀመጠችው ደረቅ ዓሣም ከጓዳ ወጥቷል። ልጇ ጊዩሆ አባቱን ከቀበረ ወዲህ ይህን በር አልረገጠም፤ ሦስት ዓመት ሆነው።

«እትዬ፣ ዛሬስ ቀንቶዎታል!» ይላል ዶክቺል ከድንጋይ አጥሩ ማዶ። የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከአጥሩ ወዲያ ያሉት የፒር ዛፎች የእሱ ናቸው። «እንዴት እንደምትጮህ አይሰሙም? ጊዩሆ ሚስት ይዞ ሳይመጣ አይቀርም።»

«እንዳፍህ ያድርግልኝ! ሚስቱስ ትቅርብኝ፣ እሱ ብቻ ይምጣ» ትላለች እየሳቀች። «አንተም ምሳ እዚህ ነህ።»

«እኔ እንኳ ሥራ አለብኝ» ብሎ ጎንበስ ይላል።

ዶክቺል ክፉ ሰው አይደለም። በየመኸሩ የጋም ዛፏ ላይ ወጥቶ ቲማቲም የመሰሉትን ጣፋጭ ቀያይ ፍሬዎች የሚያወርድላት እሱ ነው። ዘንድሮም ጫፍ ላይ ሰባት ሲቀሩት «በቃ ውረድ፣ የቀረው የካቺ ድርሻ ነው» ስትለው እያጉረመረመ ወርዷል። መሬቱ በበረዶ ሲደፈን ወፍ ምን ትብላ? ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነገር ነው፤ ማልሱን አንድም ዓመት አላጓደለችም።

መጥረጊያዋን አቁማ መንገዱን ታያለች። ማንም የለም። ጩኸቱ ግን አላባራም፤ አሁን ገና አንድ ነገር ይከነክናታል። ካቺ እንግዳ የምታበስረው ዛፍ ጫፍ ላይ ሆና ነው። ይህቺ የምትጮኸው ከመሬት ነው።

አጥሩ ላይ ተንጠራርታ ቁልቁል ስታይ ክው ትላለች። ከዛፏ ቅርንጫፍ ሥር፣ በዶክቺል በኩል፣ ባለ ሁለት ክፍል የሽቦ ወጥመድ ተቀምጧል። በአንደኛው ክፍል ውስጥ ጅራተ ጎራዳዋ አለች፤ በረዶው ከጣለ ጀምሮ በየጠዋቱ ቁርሷን ፍለጋ መስኮቷን የምታንኳኳው ካቺ። እሷ ስትጮህ ሌሎቹ ይሰበሰባሉ፤ ሌላኛው ክፍል በሩን ከፍቶ ይጠብቃቸዋል። ማባበያ ሆኖ የተንጠለጠለው ደግሞ ማልሱን በእጇ ልጣ፣ በገመድ ሰክታ፣ አድርቃ ለዶክቺል የላከችለት ጋም ነው።

«ዶክቺል!»

ብቅ ይላል። ፊቷን ሲያይ ማስመሰሉን ይተዋል። «አልዋሽዎትም እትዬ። ዘንድሮ እነሱ ያልቦረቦሩት ፒር ለመድኃኒት እንኳ አላገኘሁም። የሚሰበሰቡት ደግሞ እዚህ ዛፍ ላይ ነው። ምን ላድርግ?»

«በረዶ ስጠርግ እያየኸኝ?»

ዶክቺል ዓይኑን ወደ ወጥመዱ ይመልሳል።

«የልጄን ስም ስትጠራልኝ፣ እሷ እዚህ ውስጥ መሆኗን እያወቅህ?»

«ለቀልድ ነበር… ኋላ ደስ ሲልዎት አይቼ መናገሩ ከበደኝ።» ያቀረቅራል። ወዲያው ግን ቀና ብሎ፣ «ቢለቋትም ነገ ሌላ አጠምዳለሁ። መሬቱ የእኔ ነው» ይላል።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት ይኸው ነው። ማልሱን በአጥሩ ክፍተት አልፋ የወጥመዱን ክዳን ትከፍታለች። ጅራተ ጎራዳዋ ተፈትልካ ትወጣና በቀጥታ ዛፉ ጫፍ ላይ ታርፋለች። ሌሎቹም ከጣሪያው ተነስተው ይከተሏታል። ፍሬው እዚያ እስካለ ድረስ ነገም እዚህ ናቸው፤ ወጥመዱም እዚህ ነው።

ወደ ግቢዋ ተመልሳ ረጅሙን የፍሬ ማውረጃ ዘንግ ከግድግዳው ታነሳለች። «ሂዱ! ሂዱልኝ ከዚህ!» እያለች ዛፉን ትመታለች። ሰባቱ ፍሬዎች ተራ በተራ ለእንግዳው በጠረገችው መንገድ ላይ እየወደቁ ይፈርጣሉ። ወፎቹ በርግገው ይበተናሉ።

ጅራተ ጎራዳዋ ብቻ አልሄደችም። ይህቺ ሴት ዘንግ አንስታባት አታውቅም። አንድ ቅርንጫፍ ወረድ ብላ እንደ ሁልጊዜው ቁርሷን ትጠብቃለች። ማልሱን ዓይኗን ጨፍና ዘንጉን እንደገና ታነሳለች።