ከሞተሩ ሥር ያለው ካርቶን

እናትየው ጎንበስ ብላ ከሟች ባሏ ሞተር ሳይክል ሥር ካርቶኑን ሳበችና ወደ በሩ ብርሃን ይዛው ወጣች። ደጋግማ አገላበጠችው። ማታ የተነጠፈ አዲስ ካርቶን ነበር፤ አንዲት የዘይት ጠብታ እንኳ አላረፈችበትም።

«አየሽ እማዬ?» አለች ልጅቷ፣ ቁልፉን ጣቷ ላይ እያሽከረከረች። «ጥፋቱ የኔ ነው። አባዬ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ወፍራሙን ዘይት ነበር የሚሞላላት። እኔ ውዱ ይሻላታል ብዬ ቀጭኑን ባጠጣት፣ በሱ ጊዜ ጠብ ትል የነበረችው በኔ እጅ ኩሬ ሠራች። ትናንት መካኒኩ ዘይቱን የሚያግደውን ጓርኒሲዮኗን ቀየረና የለመደችውን ዘይት መለሰላት። በቃ፣ ከእንግዲህ ወለል መፈተግ የለም!» ከዚያም ምርቃቷን ጠበቀች። እናቷ ሃያ ዓመት ሙሉ «ወይ ይቺን አሠራት፣ ወይ ወለሉን አንተ እጠብ!» እያለች አባትየውን ስትነዘንዝ የኖረች ሴት ነበረች።

እናትየው ግን አልመረቀችም። ሌባ ጣቷን ካርቶኑ መሃል ላይ አሳረፈች። «ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ሆኜ ሳድር፣ ጠዋት እኔ ሳልደርስ እሱ ወደ ሥራው ይወጣ ነበር» አለች። «ሞተሯን አስነስቶ፣ አሁን መጣች አሁን መጣች እያለ፣ ሰዓቱ እስኪረፍድበት ይጠብቀኛል። እኔም ስገባ መጀመሪያ የምነካው ጠብታዋን ነው። ለብ ካለች፣ ‹ውይ፣ አሁን ነው የሄደው› እላለሁ።» ጣቷን አንስታ አየችው። ደረቅ ነበር።

«መካኒኩ» አለች ቀስ ብላ፣ «በጣም ነው እንዴ ያጠበቀው?»