የስንዱ ጠረን

አውሬው ሁሉ የሰው ጠረን መሸሽ ከጀመረ ወዲህ፣ ጠረኑን ያላጠፋ ሰው የባሌን ተራራ አይረግጥም። ስንዱ ቀይ ቀበሮን በዓይኗ ለማየት ስትል ዓመቱን ሙሉ ሽንኩርትና በርበሬ አልቀመሰችም፤ ጸጉሯንም ቅቤ አልነካውም። ይኸው ጠረኗ ጠፋ። ትንሿ ልጇ ሲፈን ግን እናቷን ባዳ አድርጋ፣ የቀድሞ ጠረኗ ያልለቀቀውን የእናቷን አሮጌ ነጠላ ታቅፋ መተኛት ጀመረች።

«አንድ አውሬ እንኳ ከበረገገ ትመለሻለሽ» አሏት የደኑ ጠባቂ ጋሽ ቱፋ በሩን ሲከፍቱላት።

ረግረጉን እስከ ጉልበቷ እየሰመጠች ተሻገረች፤ ጥቅጥቁን የአስታ ጫካ ሰንጥቃ ወጣች። ጫካው ሲያልቅ ቀይ ቀበሮ ከነቡችሎቿ ፊት ለፊቷ ቆማለች። ስንዱ ትንፋሿን ዋጠች። ቀበሮዋ ቀና ብላ አየቻት፤ ከዚያ ድንጋይ ያየች ይመስል እዚያው ጋደም ብላ ቡችሎቿን ታጠባ ጀመር።

«አንድም አልበረገገ! አበጀሽ የኔ ልጅ!» አሉ ከኮረብታው በመነጽር ሲከታተሏት የቆዩት ጋሽ ቱፋ ስትመለስ።

ስንዱ በሩ ላይ ሲጠብቃት የነበረው ባሏ ይዞላት ከመጣው ቅቤ በእጇ ሙሉ ዛቅ አድርጋ አናቷ ላይ ለጠፈችው። ፀሐይዋ አቀለጠችው፤ በግንባሯ ወረደ።

አባቷ ትከሻ ላይ ያለችው ሲፈን አየሩን አሸተተች። ነጠላውን ጭቃው ላይ ጣለችና ሁለት እጇን ዘረጋች።

«እማዬ መጣች!»