መስመር ሊያይ የመጣው ሰው

«ብልሽት አመልክታችኋል ተብሎ ነው» አለ ሰውየው፣ አንድ እግሩን ከደፉ አሳልፎ።

እሷ ምንም አላመለከተችም። ኢንተርኔቱ ጠዋትም ደህና ነበር። በሩን ልትዘጋበት ስትል እናቷ ከጓዳ ብቅ አሉና «ግባ ልጄ፣ በር ላይ አትቁም» አሉት። እናቷ ግባ ያሉትን ሰው ደግሞ ማን ያስወጣዋል!

የስልክ መሥሪያ ቤቱን ሰማያዊ ጃኬት ለብሷል። ጃኬት ማንም ይለብሳል። ዓይኑ ግድግዳው ላይ ወዳለው የኢንተርኔት ሳጥን አልሄደም፤ በቀጥታ ጠረጴዛው ስር፣ አሮጌ አንሶላ ጣል ተደርጎበት ወደሚያጉረመርመው ኮምፒውተር ሄደ።

«ይሄ ቀኑን ሙሉ ነው የሚሠራው?»

«ፊልም የምናስቀምጥበት ነው። እማዬ ፊልም ነፍሷ ነው።»

«እኔ?» አሉ እናቷ። «ቴሌቪዥኑን እንኳ ለዜና ነው የምከፍተው!»

ፊቷ ጋለ። «እማዬ፣ እስቲ ውሃ አምጪለት።»

አንሶላው ስር ያለው ድረ ገጽ ነው። ከልብስ ፋብሪካው የኮምፒውተር ክፍል ከተባረረች በኋላ፣ መቁረጫው የሦስተኛዋን ሴት ጣት በወሰደ ሰሞን ነው የከፈተችው፤ ሠራተኞች ስማቸውን ሳይጠቅሱ የደረሰባቸውን እንዲጽፉበት። ሌላ ቦታ ብታስቀምጠው በአንድ ስልክ ያዘጉባታል። እቤቷ ከሆነ ግን ቁልፉ በእጇ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አሥራ አንድ ሰው ጻፈ። ከዚያ ወር ሙሉ ጭጭ። ይገባሉ፣ ያነባሉ፣ ይወጣሉ። ፈርተው ነው ብላ ነበር። አሁን ግን ፋብሪካው እንደደረሰባት ገባት።

ወንበር ስባ ተቀመጠችና የኤሌክትሪኩን ማጥፊያ በእግሯ ጣት ዳበሰች። አንዴ ከጠፋ፣ ይዞት ቢሄድ እንኳ ያለ እሷ የይለፍ ቃል ማንም አይከፍተውም።

ሰውየው ተንበረከከ። «በቀን ስንት ሰው ይገባበታል?»

«ማን ላከህ?»

«ማንም።» ወደ ጓዳው ገልመጥ አለና ድምፁን ቀነሰ። «ብልሽት የለም፤ ዋሽቼሻለሁ። የዚህን ሰፈር መስመር የምሠራው እኔ ነኝ። ገጹ ከየትኛው ቤት እንደሚወጣ ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ባለቤቴ ፋብሪካው ማቅለሚያ ክፍል ነበረች።»

«ታዲያ ለምን አትጽፍም?»

«ማን ይጽፋል? ገጹን የከፈተው ራሱ ፋብሪካው ነው፣ የሚያማርረውን ሊለቅምበት ነው እየተባለ! ስም የለበት፣ ፊት የለበት።»

ወር ሙሉ እሷ በር በተንኳኳ ቁጥር ስትባንን፣ እነሱ ደግሞ እሷን ሲፈሩ ኖረዋል።

«አሁንስ?» አለችው።

ጓዳ ውስጥ ብርጭቆ ሲንኳኳ፣ እናቷም ብቻቸውን ሲያጉተመትሙ ይሰማል።

«ፋብሪካው እናት ያለው አይመስለኝም» አለ። ግን አልሳቀም። «የጻፈውን ሰው ታውቂዋለሽ?»

ውሸት አፏ ላይ መጥቶ ነበር። «ከየት እንደገባ የሚያሳይ ቁጥር ይመዘገባል።»

«ባለቤቴን የሚያስፈራት እሱ ነው።»

ኪቦርዱን ሳበች። እያየ መመዝገቢያውን አጠፋችው፤ የቆየውንም ዝርዝር አንድ ሳታስቀር ሰረዘች። ማያው ላይ ከምትጠፋው ከእያንዳንዷ መስመር ዓይኑን አልነቀለም። ሲያበቃ ከወንበሯ ተነሳችለት።

«ከዚያ ኬሚካል ወዲህ ዓይኗ አያነብላትም» አለ እየተቀመጠ። «እኔ ነኝ የምጽፍላት።»

እጁን ኪቦርዱ ላይ አደረገ፤ አልጻፈም፤ ቀና ብሎ አያት። ነገሩ ገባትና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እናቷ ውሃውን ይዘው መጡ። ልጃቸው እንደተቀጣ ተማሪ ግድግዳ ላይ አፍጥጣ ሲያዩ ሊናገሩ ከጀሉና ተዉት።

ከኋላዋ የኪቦርዱ አንዲት ቁልፍ ጠቅ አለች። ቆየት ብሎ ሌላ።