የግራኝ ዳንቴል

ማህዋሽ ቦርሳውን ገልብጣ ውስጡን ታያለች።

«ኧረ እትዬ፣ ሰው የሚያየው ውጩን ነው!» ትላለች ሾህሬ እየሳቀች።

«እኔ ሰው አይደለሁም። እናት ነኝ።»

ሺራዝ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የሾህሬ ሳሎን። መጋረጃው ተዘግቷል። እንግዳ ሁለት ሁለት እየሆነ ጫማውን በፌስታል ይዞ ይገባል፤ በር ላይ ከተከመረ ጎረቤት ይቆጥራል። ምግብ ጠረጴዛው ላይ ኢራን ውስጥ በተከለከለው የባሃኢ እምነታቸው የታሰሩ ሴቶች እጅ ሥራ ለእይታ ተደርድሯል፦ ከተምር ፍሬ የተሞረደ አምባር፣ ከተቦካ የዳቦ ፍርፋሪ የተሠራ ጽጌረዳ፣ ከተተረተረ ካልሲ የተገመደ ቀበቶ። ቦርሳው የጎልኑሽ ነው፣ የማህዋሽ ልጅ። ሕፃናት ሰብስበሽ ሃይማኖትሽን አስተማርሽ ብለው አምስት ዓመት ፈረዱባት። ሦስተኛውን ይዛለች።

ኪሮሽ ያስያዘቻት ማህዋሽ ናት። ልጅቷ ግራኝ ስለሆነች መስታወት ፊት አስቀምጣ ነው ያስተማረቻት። የግራኝ ዳንቴል ወደ ሌላ ጎን ያዘነብላል። ሌላ ሰው ልብ አይለውም።

የቦርሳው ታች የጎልኑሽ ነው፣ ጥብቅ ያለ። ከፍ ሲል ይላላል። መሃሉ ላይ ክሩ ጎኑን ይቀይርና እስከ አፉ ድረስ የቀኝ እጅ ሥራ ይሆናል።

ማህዋሽ ቀና ትላለች። ሾህሬ በቀኟ ሻይ እየቀዳች ነው። ከጎልኑሽ ጋር አንድ ክፍል ታስራ ነበር፤ ከወጣች ወሯ።

የማህዋሽ ስልክ ይጮኻል። የጎልኑሽ የመደወያ ቀን ነው። ሳሎኑ ጸጥ ይላል።

«እማ፣ ቦርሳውን አየሽው?»

«ይዤዋለሁ። ሁሉንም አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

«ታዲያ ማን ይሥራልኝ? እዚህ ሠራተኛ ቀጥሬያለሁ እንዴ!»

«ያስታውቃል» ትላለች ማህዋሽ። «እጅሽ ያስታውቃል፣ የኔ ቆንጆ። ምሳ በላሽ?»

«ጥርግ አድርጌ!»

አሥር ደቂቃ ሲሞላ መስመሩ በራሱ ይቋረጣል። ማህዋሽ ስልኩን ኪሷ ትከትና ወደ ሾህሬ ትዞራለች።

«ማንኪያ ማን ነው የሚይዝላት?»

ሾህሬ ማንቆርቆሪያውን ታስቀምጣለች። «እትዬ... እንዳትነግሪያት ብላ አስምላኛለች።»

«አልነገርሽኝም።»

«ከብርዱ ጊዜ ጀምሮ እጇ ይደነዝዛል። መጀመሪያ ግራው፣ ከዚያ ሁለቱም። ሐኪም ይያት ብለን ብንጮህ፣ ብንጮህ...»

«ማን ነው የሚያጎርሳት አልኩሽ።»

«በተራ ነው። የኔ ማክሰኞ ነበር።»

ማህዋሽ ራሷን ትነቀንቃለች። ቦርሳውን ወደ ውጩ ትመልሰዋለች፣ ታስተካክለዋለች፣ ጠረጴዛው ላይ ታቆመዋለች።

«አሁን ማክሰኞን ማን ያዘው?»

ሾህሬ ጎልኑሽን ያጎረሰችበትን፣ ቦርሳውን የጨረሰችበትን ቀኝ እጇን ሻርፗ ስር ትወሽቃለች።