የጣት ቆጠራ

በእንጨት መሰንጠቂያ ቤቱ ደንብ መሠረት መጋዙ ጠፍቶ፣ ሶኬቱ ተነቅሎ፣ ዲስኩ መሽከርከሩን ሲያቆም ሠራተኛው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ጣቱን ያስቆጥራል። ደንቡን ያወጣው አለቃ ነው። ደንብ ማውጣት ምላስ እንጂ ጣት አይፈጅ። ሥራ ይፋጠን ብሎ የመጋዙን መከለያ ፈትቶ የጣለውም እሱው ነበር፤ የእንጨት ቆራጩ የግራ ሌባ ጣት ሲቆረጥ ግን «በራሱ ቸልተኝነት» ተብሎ ተጻፈ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህ ነገር ከቆራጩ ሆድ አልወጣም።

አለቃ የሚቆጥረው ጆሮውን ሲጎረጉርበት በሚውለው ወፍራም ሌባ ጣቱ ነው። ከረጅሙ ጥፍሩ ሥር ቢጫ ኩክ አይጠፋም። በዚያ ጥፍር እጁን መታ መታ ሲያደርገው ቆራጩን ያቅለሸልሸዋል።

«ዘጠኜ፣ ና እስቲ። ያንተ እንኳ ቶሎ ያልቃል» አለው ዛሬም። ሠራተኞቹ እንደ ልማዳቸው ሳቁ።

ቆራጩ የእንጨት ቁርጥራጭ ሲያነሳ ያጠለቀውን ጓንት አወለቀ። የቀኙ ወጣ፤ የግራው እምቢ አለው። ሁልጊዜ ባዶውን የሚንጠለጠለው የጓንቱ ጣት ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጎትቶ ሲያወጣው ውስጡ ሞቃትና እርጥብ ነበር።

አለቃ ቀኝ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ በዓይኑ ቆጠረ።

«አስር» አለ ቀስ ብሎ።

«እጅዎ ምን ሆነ፣ አለቃ?» አለ ቆራጩ።

አለቃ ኪሱን በግራ እጁ ጨብጦ ወደ ኋላ አፈገፈገ። በቆራጩ ግራ እጅ ላይ ወፍራሙ ጣት ከነረጅም ጥፍሩ፣ ከነቢጫ ኩኩ፣ ቆራጩ ሳያዘው ወደ ጆሮው መውጣት ጀመረ።