የተከራየ ምላስ

ወይዘሮ ዘነበወርቅ የጡረታ አበላቸው ለዘይትና ለጤፍ አልበቃ ሲላቸው፣ እንደ ብዙ ጡረተኞች ምላሳቸውን አከራዩ። የሚቀምሱትን ሁሉ፣ በሕመም ምግብ የተከለከለ አንድ ባለጸጋ በሩቅ ሆኖ ያጣጥመዋል፤ ለእሳቸው ግን እህሉ ሁሉ ውሃ ውሃ ይላቸዋል። አፍረው ለማንም አልተናገሩም።

ልጃቸው ምሕረት አማቶቿን በጋበዘች ቀን ጭልፋውን አቀበለቻቸው።

«እማዬ፣ ጨዉን ቅመሺልኝ። ካንቺ ምላስ ሌላ አላምንም።»

ቀመሱና «ልክ ነው፤ እጅሽ ይባረክ» አሏት።

ማዕዱ ቀርቦ እንግዶቹ አንድ አንድ ጊዜ እንደጎረሱ ጨው በዝቶባቸው ውሃ ውሃ አሉ። ምሕረትም ስትቀምሰው ደነገጠች። እናቷን ግን አላጋለጠችም።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ሳላስተውል ጨዉን ደግሜ ጨምሬ ነው» አለች።

ወይዘሮ ዘነበወርቅ ጥፋቱ የኔ ነው ሊሉ ፈለጉ፤ ግን አፍረው ለእንግዶቹ ውሃ መቅዳት ያዙ።

ይሄኔ የምሕረት ባል አባት አቶ ወንድይፍራው፣ እሳቸውም ጡረተኛ ናቸው፣ ጥርግ አድርገው እየበሉ «ኧረ ልጄ፣ ጨዉስ ምንም አልበዛም» አሉ።

ወይዘሮ ዘነበወርቅ ቀና ብለው አዩዋቸው። የአቶ ወንድይፍራው እጅ ከአፋቸው ሳይደርስ ቆመ። ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ።